እርሻን ትቶ ከተማ መግባት፦ ከዕቃው በፊት ውሎው ይታሰብ

ጥያቄ፦ እኔ 66፣ ባለቤቴ 71 ዓመታችን ነው። ዕድሜያችንን ሙሉ በእርሻ ኖረናል፤ የሚታለቡ ላሞች፣ ዶሮዎች፣ ጥቂት የፍራፍሬ ዛፎችና የሚታረስ መሬት አለን። የባለቤቴ ጉልበት ከታመመ ቆይቷል፤ እኔም በጭቃ ወቅት መንገዱ ያስፈራኛል። ልጆቻችን ከተማ ናቸው፤ «እርሻውን ሽጡና ወደ እኛ ኑ» ይሉናል። እኔ ብሄድ ደስ ይለኛል። ባለቤቴ ግን «እዚያ ገብቼ ምን ልሠራ? ከመሬቱ የተነቀለ ሽማግሌ ዓመት አይቆይም» ይላሉ። እውነት ነው? የምንገባበት ቤትስ ምን ዓይነት ይሁን? ከዕቃው ምኑን ይዘን ምኑን እንተው? ያረጀ ውሻም አለን።

ምላሽ፦ ከባለቤትዎ ጥያቄ እጀምራለሁ፤ ሌሎቹ ሁሉ በእርሱ ላይ የቆሙ ናቸው። «እዚያ ገብቼ ምን ልሠራ?» ሲባል ልጆች ብዙውን ጊዜ የሚሰሙት እምቢታን ነው። ግትርነት ወይም የእርጅና ፍርሃት ይመስላቸውና በምክር ሊያለዝቡት ይሞክራሉ። የእኔ ሥራ አረጋውያን ከሚኖሩበት ቤትና ከውሏቸው ጋር እንዲስማሙ ማገዝ ስለሆነ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማዋለሁ። በእኔ እይታ በቤተሰባችሁ ከተነሡት ሐሳቦች ሁሉ ቁም ነገሩን የያዘው ይኸው ነው። ምክር አይበቃውም፤ መልስ ይፈልጋል።

ቤተሰብ እንዲህ ያለውን ዝውውር ሲያቅድ የሚቆጥረው ክፍልና ዕቃ ነው፦ ስንት መኝታ ቤት፣ የትኛው ቁም ሣጥን፣ የጭነት መኪናው ስንት ጊዜ ይመላለሳል። ከተገባ በኋላ የሚጎድለው ግን ቁም ሣጥን አይደለም። ላም ከመንጋቱ በፊት ትታለባለች፤ አመመኝ ቢሏት፣ ከፋኝ ቢሏት፣ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም ቢሏት አትሰማም። ዶሮዎቹ ሲመሽ ይዘጋባቸዋል። ደመና ከጠቆረ የታጨደው ይሰበሰባል። ባለቤትዎ ጠዋት ተነሥተው «ዛሬ ምን ላድርግ?» ብለው የጠየቁበት ቀን ብዙ አይመስለኝም፤ ቀኑ ራሱ ይነግራቸዋል። ከተማ በገቡ ማግስት ግን ከእሳቸው ምንም የሚጠብቅ ፍጥረት አይኖርም። የሚፈሩት ይህን ነው፤ መፍራታቸውም ተገቢ ነው።

«ከመሬቱ የተነቀለ ሽማግሌ ዓመት አይቆይም» የሚለውን ግን ረጋ ብለን እንየው። ሰው እንዲህ የሚለው አይቶ ነው፤ ያየውን ግን ከምክንያቱ ጋር አደባልቆታል። ብዙ አርሶ አደር እርሻውን የሚለቀው ልቡ ከደከመ፣ ወገቡ ከተጎዳ ወይም የትዳር ጓደኛውን ከቀበረ በኋላ ነው። እንዲህ ያለው ሰው በዓመቱ ቢሞት ሕመሙም ሐዘኑም የተጀመረው እርሻው ላይ ሳለ ነበር፤ የሚወቀሰው ግን ከተማው ነው። በአረጋውያን ዝውውር ላይ የተደረጉ ጥናቶች ውጤታቸው የተለያየ ቢሆንም ደጋግመው የሚያነሡት ነገር አለ፤ ውሳኔው የማን እንደነበረ። ራሱ መክሮበት፣ ቤቱን ራሱ መርጦ፣ ቀኑን ራሱ ቆርጦ የሄደ ሰው ከሆስፒታል ወጥቶ ልጆቹ ባዘጋጁለት ክፍል ውስጥ ራሱን ካገኘው ሰው በተሻለ ይላመዳል። ስለዚህ የባለቤትዎ ፍርሃት ወደ አንድ ምክር ይመራናል፤ ከሄዳችሁ፣ ሁለታችሁም ቆማችሁ ሳላችሁ፣ በራሳችሁ ቀጠሮ ሂዱ። ጉልበታቸው እምቢ እስኪል ከጠበቁ ቀኑን የሚቆርጠው ሌላ ሰው ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1973 ፓዌል ላውተንና ሉሲል ናሄሞው የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ያቀረቡት ሐሳብ እስከ ዛሬ በሙያችን ይሠራበታል። አረጋዊ ሰው ደኅና የሚሆነው የሚኖርበት ቦታ የሚጠይቀውና እርሱ የሚችለው ሲመጣጠኑ ነው። ቦታው ከአቅም በላይ ሲጠይቅ ሰው ይጎዳል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው ሌላው ወገን ነው፤ ቦታው ከአቅም በጣም ያነሰ ሲጠይቅም ሰው ይጎዳል፣ ይፈዛል፣ የነበረውን ችሎታ ይጥላል። እርሻችሁ ዛሬ ከባለቤትዎ አቅም በላይ እየጠየቀ ሊሆን ይችላል። ልጆቻችሁ ያሰቡላችሁ ቤት ግን፣ ሁሉ ነገር የቀረበበት፣ «እናንተ ብቻ ዐረፍ በሉ» የሚባልበት ከሆነ፣ ከአቅማቸው በታች ይጠይቃል። ልጆች በቅንነት የሚሠሩት ትልቁ ስሕተት ይህ ነው፤ ከአንዱ ጫፍ አንሥተው ሌላው ጫፍ ላይ ያስቀምጧችኋል።

ነገሩ የስሜት ብቻ አይደለም፤ ሰውነት ላይም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት 10 ጤነኛ አረጋውያን ለሁለት ሳምንት የዕለት እርምጃቸውን በሦስት አራተኛ ያህል እንዲቀንሱ አደረገ። አልጋ ላይ አልተኙም፤ መራመድ ብቻ ቀነሱ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የእግራቸው ሥጋ፣ ስቡ ሳይቆጠር፣ 4 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ከበረት ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ ማሳ ሲመላለሱ የሚውሉ ሰው ሦስት ክፍል ቤት ውስጥ ሲገቡ የሚደርስባቸውም ይኸው ነው። ለጉልበት ሕመም ሲባል የተገኘው ዕረፍት ጉልበቱን ደግፎ የያዘውን የጭን ጡንቻ ያከሳዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ፣ ሦስት ቀን ደግሞ ሚዛንን የሚያሠለጥን እንቅስቃሴ ይመክራል። እርሻ ላይ ይህ ሁሉ ሳይቆጠር ሲሠራ ኖሯል። ከተማ ላይ ካልታቀደ አይሠራም። የምግቡ መጠን ግን እንደ እርሻው ጊዜ ይቀጥላል፤ ሆድ መዛወሩን ቶሎ አይሰማም።

ከዚሁ ጋር አንድ ማሳሰቢያ አለ። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ መጠኑ የተለካው ለሚሠራ ሰውነት ነው። ውሎ ሲለወጥ የሚያስፈልገው መጠንም ሊለወጥ ስለሚችል ከመሄዳችሁ በፊት የሕክምና መረጃችሁን በእጃችሁ ያዙ፤ በገባችሁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም አዲሱ ሐኪም ዘንድ ቅረቡና ምን ትሠሩ እንደነበረና አሁን ምን እንደምትሠሩ ንገሩት። ካልነገራችሁት አይጠይቃችሁም።

እንግዲህ ባለቤትዎ ምን ይሥሩ? እዚህ ላይ ብዙዎች መዝናኛ ይጠቁማሉ፦ የሽማግሌዎች ማኅበር፣ የጋዜጣ ንባብ፣ የምሽት ሽርሽር። ክፉ አይደሉም፤ ግን ባለቤትዎ የሚያጡት መዝናኛ አይደለም። ቢቀሩ የሚጠይቃቸው ሰው፣ ቢያረፍዱ የሚበላሽ ነገር ነው የሚያጡት። እ.ኤ.አ. በ1976 ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ያደረጉት ሙከራ በዚህ ረገድ ይጠቀሳል። ለአንዱ ፎቅ ነዋሪዎች ክፍላቸውን እንዴት እንደሚያሰናዱ፣ ጊዜያቸውን እንዴት እንደሚያሳልፉ የመወሰኑ ኃላፊነት የእነርሱ እንደሆነ ተነገራቸው፤ አንዳንድ ተክል ተሰጥቷቸውም ራሳቸው እንዲንከባከቡት ተደረገ። ለሌላው ፎቅ ነዋሪዎች ደግሞ ሠራተኞቹ ሊያስደስቷቸው እንደሚጥሩ ተነገራቸው፤ ተክሉም ተሰጣቸው፣ ውኃ የምታጠጣው ግን ነርሷ ነበረች። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ይበልጥ ንቁና ደስተኛ ሆነው ተገኙ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ከሚገባው በላይ አልጭነውም። ተክሉ ግን ለሁለቱም ወገን መሰጠቱን ልብ ይበሉ። ልዩነቱ የነበረው ባያጠጡት የሚደርቅባቸው መሆኑ ላይ ነው።

ስለዚህ ለባለቤትዎ የሚፈለገው ቀንና ሰዓት ያለው፣ ሌላ ሰው የሚጠብቀው ሥራ ነው። የምትገቡበት ከተማ ውስጥ ትምህርት ቤት የአትክልት ቦታ ካለው በሳምንት ሁለት ቀን የሚያየው ሰው ይፈልጋል። የፍራፍሬ ዛፍ በትክክል መግረዝ የሚችል ሰው በከተማ ብርቅ ነው፤ አንድ ግቢ በደንብ ከገረዙ ጎረቤት ራሱ ይጠራቸዋል። መሣሪያ መሳል፣ እጀታ መግጠም፣ የዛገ መቀስ ማፍታታት የሚችል እጅም እንዲሁ ተፈላጊ ነው። ይህን ከገባችሁ በኋላ አትፈልጉ። አንዱን ሥራ ከመሄዳችሁ በፊት ተነጋግራችሁ፣ የሚጀመርበትን ቀን ቆርጣችሁ ሂዱ። ቤቱ ሳይቀባ ሥራው ይጀመር።

ልጆችን በሚመለከት ከዚያው ከ1976 ሌላ ጥናት ልጥቀስ። ሪቻርድ ሹልዝ የተባለ ተመራማሪ ተማሪዎች አረጋውያንን እንዲጎበኙ አደረገ። አንዳንዶቹ አረጋውያን የጉብኝቱን ጊዜ ራሳቸው ይወስናሉ፤ ሌሎቹ ባይወስኑም መቼ እንደሚመጣ አስቀድመው ያውቃሉ፤ የቀሩት ጎብኚው በድንገት ይመጣባቸዋል። ጊዜውን የወሰኑትም ያወቁትም ደኅና ሆኑ፤ በድንገት የተጎበኙት ግን ያን ያህል አልተጠቀሙም። የሚያሳዝነው ጥናቱ አልቆ ጉብኝቱ ሲቋረጥ ነው፤ በኋላ በተደረገው ክትትል የተሻሉት ወገኖች ወደ ታች ወርደው ተገኙ። ለልጆቻችሁ ይህን ንገሩልኝ፦ የመጀመሪያውን ወር በየቀኑ መጥቶ ከዚያ ከመጥፋት በሳምንት አንድ የታወቀ ቀን ይዞ ለዓመታት አለማጉደል ይሻላል።

«እርሻውን አከራይተን እየተመላለስኩ አያለሁ» የሚል ሐሳብ ከባለቤትዎ ይመጣ ይሆናል። በጣም ጥሩም በጣም መጥፎም ሊሆን የሚችል ሐሳብ ነው። አንድ የማውቃቸው አባት መሬታቸውን ለጎረቤታቸው ልጅ አከራይተው በየሳምንቱ እየሄዱ አጥሩ አጠገብ ይቆሙ ነበር። ልጁ በሬውን እንደጠመደ «ጥልቀቱ አይበቃም» ይላሉ፤ መስመሩን አጥፎ ሲመለስ «እኔ በዚህ በኩል አልጀምርም ነበር» ይላሉ፤ ልጁ ዝም ሲል አጎንብሰው አፈሩን በእጃቸው ጨብጠው ያሳዩታል። ያሉት ሁሉ ልክ ነበር። በዓመቱ ልጁ ውሉን አላደሰም። እንዲህ ያለውን መመላለስ የሚያዋጣው ወሰን ነው። ከኪራዩ ውጭ የሚቀር፣ የእሳቸው ብቻ የሆነ አንድ ቁራጭ፣ ለምሳሌ የፍራፍሬው ቦታ፣ በውሉ ይከለል። እዚያ የፈለጉትን ይሥሩ፤ ከዚያ ማዶ ያለው የተከራዩ ነው። ይህም በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ፤ በጥያቄዎ ውስጥ ስለራስዎ የጻፉት ጥቂት ነው። መሄድ የሚፈልገው ወገን ችግር አይገጥመውም ተብሎ ይታሰባል። ነገር ግን የእንቁላሉና የወተቱ ገንዘብ በእርስዎ እጅ ይገባ ከነበረ ያ ገንዘብ ሊቆም ነው። ብዙ ሴቶች ማንንም ሳይጠይቁ የሚያወጡት ገንዘብ እርሱ ብቻ ሆኖ ኖሯል። ከመሬቱ ኪራይ ወይም ሽያጭ በስምዎ የሚገባ ድርሻ ይኑር፤ ይህን ከመሄድዎ በፊት ይነጋገሩበት፤ ከሄዱ በኋላ ማንሣቱ ይከብዳል። ሌላም አለ፤ ለምሳ ብቻ ይመጡ የነበሩት ባለቤትዎ ከእንግዲህ ቀኑን ሙሉ ቤት ናቸው። ሽንኩርት እንዴት እንደሚከተፍ አስተያየት መስጠት ይጀምራሉ። ፈገግ ያሰኛል፤ በጠባብ ቤት ውስጥ ሲደጋገም ግን የብዙ አሮጌ ትዳር ሰላም የሚናጋው በዚህ ነው። ከላይ ያልኩት የውጭ ሥራ ለእሳቸው ብቻ የሚጠቅም እንዳይመስልዎት።

ቤቱ ምን ዓይነት ይሁን ላሉት፣ በክፍል ብዛት አትምረጡ። ልጆች ሲመጡ የሚያድሩበት ተጨማሪ መኝታ ቤት ያለውና ባለቤትዎ የሥራ ጠረጴዛ የሚያቆሙበት ትንሽ መጋዘን ያለው ሁለት ቤት ቢቀርብላችሁ ሁለተኛውን ያዙ። መኝታ ቤቱ በዓመት ጥቂት ሌሊት ያገለግላል፤ መጋዘኑ በየቀኑ። ምድር ላይ ያለ ቤት ይሁን፤ ካልተገኘ የማያቋርጥ ሊፍት ያለው። በሮቹ ሲከፈቱ ከ80 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ማለፊያ ይኑራቸው፤ ዛሬ ባያስፈልግም ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስገባው ይህ ነው። መታጠቢያ ቤቱን ተንበርክካችሁ እዩት ማለት ይቀለኛል፤ ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ከሆኑ ሰዎች በየዓመቱ ከ28 እስከ 35 በመቶ የሚሆኑት ይወድቃሉ ይላል የዓለም ጤና ድርጅት፣ እርጥብ ወለልና ሁለት ጣት የምታህል የበር ደፍም ለመውደቅ ይበቃሉ። መጸዳጃው አጠገብ ያለው ግድግዳ የብረት መያዣ ሲታሰርበት የሚችል ጽኑ ግድግዳ መሆኑን በጉልበት ተጫኑና አረጋግጡ። ቤቱን በቀትር ብቻ አትዩት። የ60 ዓመት ሰው ዓይን ወደ ውስጥ የሚያስገባው ብርሃን የ20 ዓመቱ ወጣት ከሚያስገባው ሲሶ ያህል ነው፤ ልጃችሁ «ብርሃኑ ይበቃል» የሚለው በራሱ ዓይን ነው። ሲመሽ ሂዱ፣ ከመንጋቱ በፊትም ሂዱ፤ በእናንተ የመነሻ ሰዓት ሰፈሩ ምን እንደሚመስል፣ ከጎን ያለው ሕንፃ ሌሊቱን ምን እንደሚሠራ ያኔ ይታያል።

ከቤቱ ወደ ሐኪም ቤቱ፣ ወደ ገበያው፣ ባለቤትዎ ወደሚሠሩበት ቦታ ዕቃ ተሸክማችሁ በእግር ሂዱ። መንገድ ማቋረጫውን በተለይ። በብዙ ቦታ የእግረኛ መብራት የሚሰላው ሰው በሰከንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል ተብሎ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በእንግሊዝ የታተመ ጥናት ግን ከ65 ዓመት በላይ ከሆኑት መካከል 84 በመቶ ወንዶችና 94 በመቶ ሴቶች በዚህ ፍጥነት እንደማይራመዱ አሳይቷል። አንድ ሰፊ መንገድ ገበያውን ከእናንተ ለይቶት ከሆነ፣ በካርታ ላይ ቅርብ ቢመስልም ለእናንተ ሩቅ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቤቱን የምትመርጡት ለሁለት ሰው ሳይሆን ከሁለታችሁ ብቻውን ለሚቀረው ነው። ይህን በግልጽ ተነጋገሩበት። እርስዎ ብቻዎን ቢቀሩ ይመቻል? እሳቸው ብቻቸውን ቢቀሩ ማብሰሉን ያውቁታል? ካላወቁት መማሪያው ጊዜ አሁን ነው።

ከልጆች ጋር አንድ ቤት መግባትን እኔ በመጀመሪያ አማራጭነት አልመክርም። አጠገባቸው፣ የራሳችሁ በርና የራሳችሁ ምድጃ ያለበት ቦታ ይበልጣል። ሌላ ምርጫ ከሌለ ግን ወጪው እንዴት እንደሚከፈል፣ ወጥ ቤቱ በየትኛው ሰዓት የማን እንደሆነ፣ የልጅ ልጆችን መጠበቅ በሳምንት ስንት ቀን እንደሆነ ከመግባታችሁ በፊት ይባል። እንግድነት ሄዳችሁ ሳምንት ስለተመቻችሁ ዓመት ይመቻችኋል ማለት አይደለም።

ስለዚህ ተከራይታችሁ ሞክሩት። ለበዓል ወይም ለደስታ ሰሞን ሳይሆን ሦስት ወር ያህል፣ አየሩ የሚከፋበትና ከቤት መውጣት የሚያስጠላበት ወቅት ይግባበት። በዚያ ጊዜ እርሻውን የሚጠብቅ ሰው ይኑር። ባለቤትዎ ለመሞከር እሺ የሚሉት መመለሻው እንዳልተዘጋ ሲያውቁ ነው፤ መመለሻው ደግሞ በእውነት ክፍት ይሁን እንጂ ለማታለያ አይሁን። ሦስት ወር ኖረው «አይሆነኝም» ካሉ ቃሉ ይከበር። ያኔ ሌላ መንገድ ይፈለጋል፤ ለምሳሌ ላሞቹን ሸጦ ቤቱንና ጓሮውን ብቻ ይዞ መቆየት።

የሽያጩ ቅደም ተከተልም ይህንኑ ይከተላል። መጀመሪያ የሚሄዱት እንስሳቱ ናቸው፤ በየቀኑ የሚያስሩት እነርሱ ናቸውና። ቀጥሎ ማሽኑና መሣሪያው። መሬቱ መጨረሻ ላይ፣ ከተቻለ ከሙከራው ጊዜ በኋላ። መሣሪያውን ሲሸጡ ዋጋውን ራሳችሁ አትተምኑ። ካነማን፣ ክኔችና ቴለር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ሙከራ በእጃቸው ኩባያ የተሰጣቸው ሰዎች ለመሸጥ የጠየቁት ዋጋ ገዢዎች ሊከፍሉ ከፈለጉት እጥፍ ያህል ነበር፤ ኩባያው በእጃቸው ከገባ ገና ደቂቃዎች ናቸው። የአንድ ዕድሜ ማረሻ እንዴት እንደሚተመን ያስቡት። ዝምድና የሌለው ገማች ይተምንላችሁ። ለልጆቻችሁም ስለ መሬቱ ያሰባችሁትን ሁሉንም ባንድ ቀን ሰብስባችሁ በአንድ ቃል ንገሯቸው፤ ለአንዱ ቀድሞ የተነገረ ነገር ለሌላው ሲደርስ ሌላ ሆኖ ነው። ውርስና የባለቤትነት ጉዳይ እንደየአገሩ ሕግ ስለሚለያይ ሳትፈርሙ የሕግ ባለሙያ ይየው።

ገንዘቡን ስታሰሉ አንድ ወጥመድ አለ። እርሻ የሚከፍለው በምርት ጊዜ ነው፤ ከተማ የሚጠይቀው በየወሩ ነው። ደግሞ እርሻ ላይ ሳትከፍሉ የምትጠቀሙት ብዙ ነገር አለ፦ ውኃው፣ ማገዶው፣ ወተቱ፣ እንቁላሉ፣ አትክልቱ፣ ለእንግዳ የሚሰጠው ሳይቀር። ለአንድ ወር ደብተር ይዘው ከጓሮና ከበረት ወደ ቤት የገባውን ሁሉ ይጻፉ፤ በከተማው ዋጋ ያባዙት። ልጆቻችሁ ባወጡት ስሌት ውስጥ ይህ የለም ብዬ እገምታለሁ።

ወደ ዕቃው እንምጣ። የቤት ውስጡ ቀላል ነው። የአዲሱን ቤት ክፍሎች ለክታችሁ በወረቀት ላይ አንዱን ሜትር አምስት ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ሣሉ፤ አልጋውንና ጠረጴዛውን በዚያው ልክ ከካርቶን ቆርጣችሁ አስቀምጡበት። የማይገባው ራሱ ይታያል፤ ክርክርም አያስፈልግም። በመተላለፊያው ላይ የሚወጣ ጠርዝ ካለ ያ ዕቃ አይሄድም፣ የእናትዎም ቢሆን። ይልቅስ ለልጅ ልጅ ስጡት፤ በሕይወት ሳላችሁ የሰጣችሁት ዕቃ ታሪኩ አብሮት ይሄዳል።

ከባዱ መጋዘኑ ነው፤ የእርሻ ዕቃ የሚበዛው እዚያ ነው። ከጥጉ ጀምሩ። የፀረ ተባይና የፀረ አረም ኬሚካል፣ አሮጌ ነዳጅና ዘይት መጀመሪያ ይለዩ፤ መለያ ጽሑፉ የጠፋ ጠርሙስ ለማንም አይሰጥ፣ አይቀበር፣ ወደ ውኃ አይደፋ። የግብርና ባለሙያ ወይም አደገኛ ቆሻሻ የሚቀበል አካል ይጠየቅ። ከዚያ በኋላ ወደ ቆርቆሮዎቹ ትደርሳላችሁ፤ የማያውቁት ሰው ቆሻሻ የሚላቸው፣ ብሎን ከነዳዶው፣ የታጠፈና የተቃና ሚስማር፣ የጠፋ ቁልፍ፣ ግማሽ ማጠፊያ የተጠራቀመባቸው። አርሶ አደር ይህን የሚያጠራቅመው ስስት ይዞት አይደለም፤ ሱቅ ሩቅ በሆነበት ቦታ በምርት ሰዓት አንድ ብሎን ሙሉ ቀን ታድን ነበር። ልጆች መጥተው ባንድ ከሰዓት በኋላ ሲደፉት ባለቤትዎ የሚሰሙት ሌላ ነገር ነው። አንድ ቆርቆሮ ይምረጡና እርሱን ራሳቸው ይሙሉት፤ የቀረውን ተከራዩ ይጠቀምበት። ሞርሳው፣ መዶሻው፣ ሞረዱ፣ መግረዣ መቀሱና አንድ መጋዝ ግን ይሂዱ፤ በመጀመሪያው መኪና፣ ከአልጋው ጋር። በገባችሁበት ዕለት ሞርሳው ጠረጴዛው ላይ ይታሰር።

ስለ ውሻው፣ አብሯችሁ ቢሄድ እመርጣለሁ፤ አንድ ነገር አስቀድሞ ከተረጋገጠ። የእርሻ ውሻ ሥራው ጥበቃ ነው፤ ከተማ ላይ በአጥሩ በኩል የሚያልፍ ሁሉ ሌባ ይመስለዋል፣ ጎረቤትም በሳምንቱ ይጣላችኋል። በሙከራው ወቅት ይዛችሁት ሂዱ፤ ከዚያ በፊት በገመድ መሄድን እዚያው እርሻው ላይ አለማምዱት፤ ታስሮ የማያውቅ ውሻ ገመድን የሚማረው በአንድ ቀን አይደለም። ሐኪም ይየው፣ ክትባቱ ይሟላ። የሚተኛበትን ጨርቅ ሳታጥቡ ውሰዱለት፤ የሚበላበትን ሰዓትም አትለውጡበት። ከመንጋቱ በፊት አንድ ጊዜ፣ ሲመሽ አንድ ጊዜ ባለቤትዎ ያውጡት፤ ይህ ሥራ ለልጅም ለልጅ ልጅም አይሰጥ። ሞክራችሁት ካልተረጋጋ፣ ከተከራዩ ጋር አስቀድሞ የተላመደ ከሆነ እዚያው ይቅር፤ ምግቡንና ሕክምናውን የሚመለከተው አንቀጽም በኪራዩ ውል ውስጥ ይግባ።